የራቢዓ ባል

ሐምሌ 5፣ ማክሰኞ

ድምፄ ዛሬ ገበያ መሃል ጥሎኝ ጠፋ። «አብዱብን ለጋቫና»፣ ለአገረ ገዢነት ምረጡ፣ ልል ጀምሬ «ለጋ» ላይ ተቆረጠ። ደግሜ ሞከርኩ፤ የታነቀ ወጠጤ የመሰለ ድምፅ ወጣ። ፍየል ሻጮቹ ሳቁ። ሦስት ምርጫ ሙሉ በፕሮቦክስ መኪና ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያ አስሬ ለሞያሌ ስለፈልፍ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም።

ራቢዓ ለብ ያለ ውኃ በሎሚ ይዛልኝ መጥታ ነበር። ሊበን የሚባለው የአብዱብ ቅስቀሳ ኃላፊ፣ ናይሮቢ ተምሮ የመጣው ልጅ፣ ማይኩን ከእጄ ተቀበለና በልጃችን ስም ጠርቷት «ማማ ሙጂባ፣ ሰው ሳይበተን አንድ ሁለት ቃል በይልን» አላት። «ባሌን አሞታል፣ እኔ አልችልም» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ሌሶዋን፣ ያን ባለ ጥለት ሽርጧን፣ ወገቧ ላይ አጠበቀችና ማይኩን ያዘች።

ብዙ አልተናገረችም። ስለ ውኃ ነው የተናገረችው፤ ቦሪ መንደር ያለች እህቷ አንዲት ጀሪካን ለመሙላት ጨለማ ላይ ወጥታ ጨለማ ላይ እንደምትመለስ። አብዱብ ምን ያህል ቧንቧ እንደሚዘረጋ እንኳ ሳትጠቅስ ጨረሰች። ፍየል ሻጮቹ ግን መሳቃቸውን ተዉ።

ኮራሁባት። ለአንድ ቀን ነው።

ሐምሌ 7፣ ሐሙስ

ክሊኒክ ሄድኩ። ጉሮሮዬ ቆስሏል። ሁለት ሳምንት እንዳልናገር ተከለከልኩ። ሹክሹክታም አይቻልም፤ እንዲያውም እሱ ይብሳል አለኝ ሐኪሙ።

ከሰዓት በኋላ ሊበን እቤት መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ «ፖሌ፣ ባባ ሙጂባ» ብሎ አጽናናኝ፤ ሻይ በወተት ጠጣ። እስኪሻለኝ ራቢዓ በእኔ ቦታ ከመኪናው ጋር እንድትዞር ፈቃዴን ጠየቀ። በአክብሮት ነው የጠየቀው። ራቢዓ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች ፊቴን ታያለች። ልጃችን ሙጂባ በር ላይ ቆማ ፈገግ ትላለች። ራሴን ነቀነቅሁ። ሁሉም ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ሐምሌ 9፣ ቅዳሜ

ቦሪ ሄዱ። ማለዳ ወጣች፣ ሲመሽ ገባች። አዲስ ሌሶ ለብሳለች። ለሴቶቹ ሁሉ ታድሏል አለች። የሌሎቹ ቢጫ ነው፤ የሷ ለምን አረንጓዴ ሆነ? አልጠየቅሁም። መናገር ተከልክያለሁ።

ሐምሌ 12፣ ማክሰኞ

እትዬ ወርቅአየሁ ሻይ ቤት ጥግ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ሁለት የቦዳ ቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ልጆች ገቡ። አንደኛው በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመና «ይሄ ማነው?» አለ። ሌላኛው ማንዳዚውን እያኘከ «የራቢዓ ባል ነዋ» አለው።

ይህን ስጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

አባቴ ወታደር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ጠረፉን ወደ ኬንያ ተሻግረን ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ሰፈርን፤ ፊደል ያስቆጠረኝ እዚያው ድንኳን ውስጥ ነው። ይህንንም በአማርኛ የምጽፈው ለዚህ ነው፤ እቤቴ ውስጥ አማርኛ የሚናገር እንጂ የሚያነብ የለም። አባቴ ሞተ፣ ካምፑ ፈረሰ፣ እኔ ቀረሁ። ኪታምቡሊሾ፣ የዚህ አገር መታወቂያ፣ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ሌላውን ሰው «ውጣና ምረጥ» እያልኩ የኖርኩ ነኝ፤ ራሴ ግን መርጬ አላውቅም። ይሁን። ወረቀት ባይኖረኝም ስም ነበረኝ። አዩብ ሲባል የማያውቅ አልነበረም። ሕፃናት እንኳ መንገድ ላይ ድምፄን እያስመሰሉ ይከተሉኝ ነበር።

ራቢዓንም ያገኘኋት በመጀመሪያው ቅስቀሳዬ ነው። ወተት ትሸጥ ነበር። መኪናውን አስቁማ «ኦሮምኛህ የተሸረፈ ገንቦ ነው፤ የምትለው ሁሉ በጎን ይፈሳል» አለችኝ። አረመችኝ። አገባኋት። ከዚያ ወዲህ ለቅስቀሳ ከመውጣቴ በፊት ምን ልበል ብዬ እጠይቃታለሁ፤ ምሳሌውንም ቀልዱንም እሷ ትሰጠኛለች። ግን ቃል ብቻውን ምን ይሠራል? የሚያደርሰው ድምፅ ነው።

ሐምሌ 15፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ብቻዬን ከከተማ ወጣሁ። ድርቁ የጣላቸው ከብቶች አጥንት ብቻ ባለበት ሜዳ ላይ ቆሜ ጮህኩ። ድምፄ ተመልሷል። ትንሽ ሻከር ብሏል እንጂ የእኔው ነው። ከደስታ ብዛት የራሴን ስም ጠራሁ።

ቀጥታ ሊበን ጋ ሄድኩ። «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ከልቡ ይመስላል። «ግን ሐኪሙ የሰጠህ ጊዜ ገና ነው፤ ጉሮሮህን አትድፈረው። አሁን ሰው ሁሉ ማማ ሙጂባ የት አለች ነው የሚለው። አንተ ማሽኑን ያዝልን። ጄኔሬተሩንና ሽቦውን እንዳንተ የሚያውቅ የለም።»

እቤት ስገባ ራቢዓ «ሊበን ምን አለህ?» አለችኝ። ማሽኑን እንድይዝ ነው አልኳት። «ጥሩ ነው፣ አብረን እንሆናለን» አለች። ደስ ብሏት ነው የምትናገረው። እንዴት ደስ ይላታል?

ሐምሌ 18፣ ሰኞ

ጎልቦ ሄድን። ብዙ ሰው። መሃል ላይ ሽቦው ተላቀቀ። አሸዋ ነው። ደክሞኛል።

ሐምሌ 19፣ ማክሰኞ

ትናንት በጥድፊያ ጻፍኩት። እንደነበረ ልጻፈው።

ራቢዓ ፒክአፑ ላይ ቆማ እየተናገረች ነው። ሊበን ከታች ሽቅብ እያያት፣ የምትለውን ቃል በከንፈሩ አብሯት ይላል። ልክ እንደ ዱዓ። እኔ ጄኔሬተሩ አጠገብ ነኝ። እጄ ሽቦው ላይ ነበር፤ ሞቆ እንደሆነ ልዳስሰው ነው። ድምፁ ተቋረጠ።

ማይኩን ጠበጠበችው። ወደ እኔ አየች። ማሽኑ ላይ አጎነበስኩ። ቀና ስል ማይኩን አስቀምጣ ከመኪናው ወርዳለች። ሴቶቹ መሃል ገባች። ቆቲሌ የምትባል አሮጊት ክንዷን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ራቢዓም እዚያው መሬት ላይ ሆና «ስንት ላም ቀረልዎት?» ብላ ጠየቀቻት። ቆቲሌ መለሰች። ቀጥላ የተቀመጠችውን ጠየቀች። ከዚያ ሌላዋን። በሩቁ ቆመው የነበሩት ወንዶች ለመስማት ተጠጉ። ሰው ሁሉ ተቀመጠ። አብዱብ ራሱ፣ ያ ወፍራም ሰውዬ፣ ነጭ ልብሱን ለብሶ አቧራው ላይ ተቀመጠ፤ ሊናገር መጥቶ ሲያዳምጥ ዋለ። አንዲት ሴት ስለ ሞተችባት ግመል ስትናገር ዓይኑን ሲጠርግ አይቻለሁ።

ማሽኑን ጠግኜ ከጨረስኩ ቆይቻለሁ። የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።

ዛሬ እራት ላይ ራቢዓ «ሽቦው ምን ሆኖ ነው?» አለች።

«አሸዋ ገብቶበት።»

«አሸዋ» አለች። ለሙጂባ ወጥ ጨመረችላት።

ሐምሌ 22፣ ዓርብ

ከብት ገበያው ጀርባ የሊበን መኪና ቆማለች። መስኮቶቿ ሁሉ ዝግ ናቸው፣ በዚህ ሙቀት። ራቢዓ ውስጥ ናት። ሊበን ስልክ ይዞ ወደ ፊቷ ተጠግቷል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትናገራለች። አላዩኝም።

እግሬ እትዬ ወርቅአየሁ ጋ አደረሰኝ። እሳቸው ከአባቴ ጋር ዋልዳ የነበሩ ናቸው፤ እንደ እናት ይቆጡኛል። ያየሁትን ነገርኳቸው።

«ጠየቅሃት?» አሉኝ።

«ምኑን እጠይቃታለሁ? በዓይኔ አየሁ እኮ።»

«በዓይንህ ያየኸው ሁለት ሰው መኪና ውስጥ ሲነጋገር ነው። ሊበንን በሽንት ጨርቅ እያለ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ባለጌ አይደለም።» ብርጭቆውን ጠርገው አስቀመጡ። ቀጥለው «እስቲ ንገረኝ» አሉኝ፣ «ያ ልጅ ማይኩን ለሌላ ሰው ሰጥቶት ቢሆን፣ ራቢዓም እቤቷ ብትሆን፣ ይሄን ያህል ትነድ ነበር?»

ጥያቄው ከነገሩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ሐምሌ 25፣ ሰኞ

መሐዲ ከመስጊድ ስወጣ ጠበቀኝ። ድሮ አብረን ኳስ ተጫውተናል፤ አሁን ለአብዱብ ተቀናቃኝ የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ጫማዬን እስካደርግ ቆሞ ጠበቀኝና ትከሻዬን አቀፈ።

«ወንድሜ» አለኝ፣ «ስለ ሚስትህና ስለ ሊበን የሚወራውን ሰምተህ ይሆናል። የኛ ልጆች በማይክ ሊያወጡት ይፈልጋሉ። አንተ ውሸት ነው በለኝ፣ እኔ አፋቸውን አዘጋለሁ። ከአንተ አንድ ቃል ይበቃኛል።»

ጉሮሮዬን በጣቴ አሳየሁት።

«ገባኝ» አለና ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ምን እንደገባው አላውቅም። ሐኪም አትናገር ብሎኛል። አባቴም «ዝም አይነቅዝም» ይል ነበር።

ሐምሌ 27፣ ረቡዕ

የመሐዲ መኪና ዛሬ ሦስት ጊዜ በሰፈራችን አለፈች። የራቢዓን ስም አልጠራም። «ባሏ እንኳ ሊከላከልላት ያልቻለ ሴት ስለ ጋቫና ልታስተምረን ነው» ይላል። ድምፅ ማጉያው ጥራት የለውም፤ ያም ሆኖ ይሰማል።

ትምህርት ቤቱ ለምርጫው ስለተዘጋ ሙጂባ ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር። ሒጃቧ ተቀዶ፣ ጀሪካኗ ባዶ ሆኖ ተመለሰች።

«ምን ሆነሽ?» አልኳት።

«አንዷ እናትሽ እንዲህ ናት አለችኝ። ውሸታም አልኳት። አባትሽ ተጠይቆ አልካደም አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«መታኋት።» ጀሪካኑን አስቀመጠች። «እውነት ተጠይቀህ ነበር፣ አባ?»

ሰው የሚያወራውን አትስሚ አልኳት። ራቢዓ ማድቤት ደጃፍ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ሙጂባ እናቷን አልፋ ስትገባ ቀና ብላ አላየቻትም። እኔን ሳይሆን እናቷን።

ሐምሌ 29፣ ዓርብ

አብዱብ ሽማግሌዎች አስከትሎ እቤታችን መጣ። ሊበንም አለ፤ አንገቱን ደፍቶ ምንጣፉን ያያል። አብዱብ ብዙ አመሰገናት። ጎልቦን መቼም አልረሳውም አለ። ከዚያ ነገ በመጨረሻው ስብሰባ ላይ እንዳትገኝ ለመናት።

«ለክብርሽ ብለን ነው፣ ማማ ሙጂባ።»

«ለክብሬ ነው ወይስ ለድምፁ?» አለች ራቢዓ።

አብዱብ አልዋሸም። «ለሁለቱም» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ባባ ሙጂባ፣ የቤቱ አባት አንተ ነህ። አንተ የምትለውን እንሰማለን። ትምጣ ካልክ ትመጣለች።»

ራቢዓ አየችኝ። ያ አስተያየት ቁጣ አልነበረበትም። የምትጠብቅ ነበረች የምትመስለው።

«እናንተ ታውቃላችሁ» አልኩ።

ሐምሌ 30፣ ቅዳሜ

የመጨረሻውን ስብሰባ እኔ መራሁ። ድምፄ እንደ ድሮው ነበር፤ እንዲያውም ከድሮው ይሻል ነበር። ከጎልቦ በመኪና የመጡት ሴቶች «ሴትየዋስ?» እያሉ ደጋግመው ጠየቁ። ግማሹ ሳያልቅ ተነስተው ሄዱ።

እቤት ስመለስ ራቢዓ ሩዝ ትለቅማለች። «እንዴት ነበር?» አለችኝ። ጥሩ ነበር አልኳት።

ነሐሴ 3፣ ማክሰኞ

የምርጫ ቀን። ራቢዓን እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኘኋት። ከዚያ ወዲያ እኔ አላልፍም፤ ፖሊሱም ያውቀኛል፣ «አዩብ፣ ዘንድሮም እዚያው ነህ?» ብሎ ሳቀ። ስሜን ስለጠራ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለች ነገር ደስ ማሰኘቷ ያሳፍራል።

ከአጥሩ ውጪ ሆኜ ሰልፉን አየሁ። ሁለት ሴቶች ራቢዓን ሲያዩ ወደ ኋላ ሄደው ተሰለፉ። ብቻዋን ቆመች። ሰው አልባ ክፍተት ከፊቷም ከኋላዋም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሌሶዋን ራሷ ላይ ሳብ አድርጋ ተራዋን ጠበቀች እንጂ ግራ ቀኝ አላለችም። ስትወጣ ትንሹ ጣቷ ቀለም ተቀብቷል።

«ለማን መረጥሽ?» አልኳት፣ ለመቀለድ ብዬ።

«አንድ ቀን መምረጥ ሲፈቀድልህ ትነግረኛለህ፣ እኔም እነግርሃለሁ» አለች።

ነሐሴ 6፣ ዓርብ

አብዱብ ተሸነፈ። ጎልቦ ውስጥ ጠራርጎ ወስዶ ነበር፤ ውጤቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። የጣለው ከተማው ነው፣ በጥቂት ድምፅ። የመሐዲ ልጆች እስከ ጠረፉ ድረስ በሞተር እየጨፈሩ ወረዱ። ደስ አለኝ ብዬ አልጽፍም። አላዘንኩም ነው የምለው።

እትዬ ወርቅአየሁ ጠሩኝ። ሻይ ቤቱ ባዶ ነው። «ስልክህ ተራ ስልክ ስለሆነ ይሄን አልሰማህም» አሉና ስልካቸውን ከፈቱ። የራቢዓ ድምፅ ነው። ሊበን ነፋስ እንዳይገባበት መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቶ ቀድቶት፣ በየስልኩ የላከው። ከብት ገበያው ጀርባ ያየኋቸው ቀን መሆኑ ነው። በኦሮምኛ ነው የምትናገረው፦

«ባለቤቴ አዩብ ከልጅነቱ ጀምሮ እዚህ አገር ይኖራል። እናንተን ሁሉ ለምርጫ የጠራችሁ እሱ ነው። እሱ ግን መታወቂያ ስለሌለው መርጦ አያውቅም። እንደሱ ያለ ሰው በየሰፈራችሁ አለ። ጋቫና መታወቂያ አይሰጥም፤ መጮህ ግን ይችላል። አብዱብ ለእነዚህ ሰዎች እንደሚጮህ በፊታችሁ ቃል ካልገባ እኔም ስሙን አልጠራለትም።»

እትዬ ወርቅአየሁ ስልኩን ዘጉት። «ገብቶ ነበር ቃሉን» አሉ። ሌላ ነገር ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። ብርጭቆ ማጠባቸውን ቀጠሉ።

እቤት ገባሁ። ራቢዓና ሙጂባ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው አይነጋገሩም። ከውኃው ቀን ጀምሮ እንዲህ ናቸው። ስለ ሰማሁት ነገር ልናገር አስቤ ነበር። ጎረቤት መጣ።

ነሐሴ 12፣ ሐሙስ

ውኃ ሊጭን በመጣ ሎሪ ላይ ተሳፍረው የጎልቦ ሴቶች መጡ። ቆቲሌ ከፊት ናት። ግቢው ሞላ። ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ ሻይ አቀረብኩ። አብዱብ ቢሸነፍም የመጡት ለእሱ እንዳልነበረ ነገሩን። በሚቀጥለው ምርጫ ለጎልቦ የምክር ቤት ወንበር ራቢዓ ራሷ እንድትወዳደር ይፈልጋሉ። ከአሁኑ ከየመንደሩ ጋር እንድትተዋወቅ ሊወስዷት ነው የመጡት።

ቆቲሌ እንደ ወጉ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጄ፣ ሚስትህ ናት። አንተ ምን ትላለህ?»

አፌን ከፈትኩ።

«እሱን አይጠይቁት» አለች ራቢዓ፣ ሻይ እየቀዳች። «እሱ ሲጠየቅ ዝም ይላል።»

ሴቶቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ራቢዓ አልሳቀችም።

ነሐሴ 14፣ ቅዳሜ

ማለዳ ሎሪው በር ላይ ቆመ። ራቢዓ ትንሽ ቦርሳ ይዛለች። «ልምጣ?» አልኳት።

«ሙጂባ እቤት ናት።»

«እና?»

«ለመሐዲ ያልነገርከውን ለእሷ ንገራት» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ከዚያ በኋላ ስለ መምጣቱ እንነጋገራለን።»

ተሳፍራ ሄደች። ሁሉን ታውቅ ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም።

ሙጂባ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። በርጩማ ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጉሮሮዬ ጤነኛ ነው፤ ቃሉ ግን እምቢ አለ። ራቢዓ ብትኖር ምን ልበል ብዬ እጠይቃት ነበር።

«ስለ እናትሽ የተወራው ውሸት ነው» አልኳት።

እጇን ከሳሙናው አላወጣችም። «መቼ ነው ያወቅኸው?»

ስለ እትዬ ወርቅአየሁ ስልክ ልነግራት እችል ነበር። ያን ቀን ነው የገባኝ ብል ታምነኝ ነበር።

«ከመጀመሪያው» አልኳት።

«መሐዲ ሲጠይቅህም?»

«ያኔም።»

ልብሱን ጨምቃ ገመዱ ላይ ሰቀለችው። «ለእማ ነገርካት?»

«ታውቃለች።»

«ታውቃለች ወይ አላልኩህም፣ አባ። ነገርካት ወይ ነው ያልኩህ።»

አልነገርኳትም አልኳት።

ሎሪው ከመግሪብ ሶላት በፊት ይመለሳል ብለዋል። ከመንገዱ ዳር ወጥቼ ልጠብቃት ነው። ጫማዬን ሳደርግ ሙጂባም ነጠላ ጫማዋን ከአልጋ ሥር ስትፈልግ አየኋት።